ከዓመታዊ መዋጮው ሥር ያለችው መስመር

በአሜሪካ ቤት የማሻሻጥ ፈቃድ ይዘን የምንሠራ ሰዎች ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ከሙያ ማኅበራችን የክፍያ መጠየቂያ ይደርሰናል። የብሔራዊው፣ የስቴቱና የአካባቢው ማኅበር መዋጮ በየተራ ከተዘረዘረ በኋላ ከሥሩ አንዲት ተጨማሪ መስመር ትመጣለች፤ እንደየቦታው 15፣ 25 ወይም 35 ዶላር ትላለች። በአንዳንድ ማኅበራት መጠኑ አስቀድሞ ከጠቅላላው ሂሳብ ጋር ተደምሮ ስለሚቀርብ፣ ከፋዩ አስቦ ካላስወጣው በቀር ከሌላው መዋጮ ጋር አብሮ ይሄዳል። አጠገቡ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ማሳሰቢያ አለ፤ መዋጮው በፈቃደኝነት የሚሰጥ እንደሆነ፣ ለፖለቲካ ዓላማ እንደሚውል፣ ባለመክፈሉ ማንም አባል እንደማይጎዳና ከግብር ላይ ተቀናሽ እንደማይሆን ይናገራል። በዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ በሜሪላንድ ስቴት ባለችው በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢዋ የሚሠሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቼ ይህንን መስመር እንደ ማንኛውም የሥራ ወጪ ቆጥረው ሲከፍሉት አያለሁ። እኔ ግን በዓመቱ ውስጥ ከምንፈጽማቸው ፖለቲካዊ ተግባራት መካከል ድምፅ ከመስጠት ቀጥሎ ትልቁ ምናልባት ይኸው እንደሆነ ስለማምን ዛሬ በዝርዝር ልጽፍበት ወደድሁ።

ገንዘቡ የሚገባው በሥራችን ዓለም አርፓክ ብለን ወደምንጠራው የሪልተሮች፣ ማለትም የማኅበሩ አባል የሆኑ ቤት አሻሻጮች፣ የፖለቲካ ፈንድ ነው። ፈንዱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1969 በሌላ ስም ተቋቁሞ በ1974 የአሁኑን ስም ያገኘ ሲሆን፣ ያቋቋመው በ1908 በቺካጎ የተመሠረተውና በቅርብ ዓመታት 1.5 ሚሊዮን ያህል አባላት የነበሩት የሪልተሮች ብሔራዊ ማኅበር ነው። ፈንዱ በብዙ የምርጫ ዘመናት ለኮንግረስ ዕጩዎች ብቻ ወደ 4 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ሲሰጥ ቆይቷል፤ ይህንንም ለዴሞክራቶችና ለሪፐብሊካኖች ከሞላ ጎደል እኩል ያካፍለዋል። ስለ ፈንዱ የሚጻፈው ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ የዋሽንግተን ገጽታው ላይ ያተኩራል። የእኔን ሐሳብ የያዘው ግን ሌላው ክፍል ነው፤ ከእያንዳንዱ ዶላር የተወሰነው እዚያው ስቴቱ ውስጥ ይቀርና ለስቴቱ ሕግ አውጪዎች፣ ለካውንቲ (ከስቴት በታች ያለ የአካባቢ አስተዳደር) ምክር ቤት ዕጩዎችና ለከተማ ከንቲባዎች ይከፋፈላል። የቤታችንን ግብር፣ የልጆቻችንን ትምህርት ቤትና የጎረቤቶቻችንን የኪራይ ዋጋ የሚወስኑት እነዚህ ሰዎች ናቸው።

መስመሯ ከመደበኛው መዋጮ ተነጥላ ለብቻዋ የቆመችበት ምክንያት በሕጉ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ኩባንያዎች ከካዝናቸው ለፌደራል ዕጩዎች በቀጥታ ገንዘብ እንዳይሰጡ የከለከለው ሕግ በ1907 ወጣ፤ የሠራተኛ ማኅበራትም በ1940ዎቹ ተመሳሳይ ክልከላ ተጣለባቸው። የማኅበሩን ካዝና መንካት ካልተቻለ ከአባላት በፈቃደኝነት የተሰበሰበ ገንዘብ ለብቻው ይቀመጥ የሚለውን መላ አስቀድመው የፈጠሩት የሠራተኛ ማኅበራቱ ራሳቸው ናቸው፤ የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ፈንድ በ1943 ተቋቋመ። በ1971 የወጣውና ከዋተርጌት ቅሌት በኋላ በ1974 የተሻሻለው የምርጫ ዘመቻ ሕግ ለአሠራሩ ግልጽ መልክ ሲሰጠው፣ የነጋዴዎችና የባለሙያዎች ማኅበራት በብዛት ተከተሉ። ሕጉ ሰጪው በፈቃዱ መስጠቱን፣ ገንዘቡ ለምን እንደሚውል ማወቁንና ባይሰጥ እንደማይቀጣ ማረጋገጡን ይፈልጋል። ስለዚህ በደቃቅ ፊደል የተጻፈችው ማሳሰቢያ የፈንዱ ሕጋዊነት የቆመባት መሠረት ናት። አባሉ ሳያነባት ሲከፍል ሕጉ በወረቀት ላይ ይከበራል፤ ሕጉ የፈለገው ፈቃድ ግን በእርግጥ ተሰጥቷል ለማለት ይከብደኛል።

ለኮንግረስ ዕጩ አምስት ሺህ ዶላር መስጠት፣ ሚሊዮኖች በሚፈሱበት ውድድር ውስጥ፣ የሰጪውን ስም ከማስታወስ ያለፈ ብዙ ውጤት የለውም። የአካባቢ ምርጫ ግን ሌላ ነገር ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ በምትገኝበትና ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በሚኖርበት በሞንጎመሪ ካውንቲ፣ በ2018 የዴሞክራቲክ ፓርቲ የውስጥ ምርጫ፣ ማርክ ኤልሪች የካውንቲ አስተዳዳሪነቱን ዕጩነት ያገኙት ዴቪድ ብሌርን በ77 ድምፅ ብልጫ አሸንፈው ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ሁለቱ እንደገና ተወዳድረው ድጋሚ ቆጠራው ሲያበቃ ልዩነቱ 32 ድምፅ ሆነ። በሁለቱም ጊዜ ድምፅ የሰጠው ሕዝብ ከመቶ ሺህ በላይ ነበር። በካውንቲው ዴሞክራቶች እጅግ ስለሚበዙ የፓርቲው የውስጥ ምርጫ ከተጠናቀቀ ዋናው ውድድር አልቋል ማለት ይቻላል። በበጋ፣ ብዙ ሰው በማያስታውሰው ቀን፣ በጥቂት አሥር ድምፆች ልዩነት በሚወሰን ምርጫ ውስጥ አንድ ሺህ ዶላር ለአንድ ዕጩ ምን ያህል የፖስታ ቅስቀሳ እንደሚገዛ ማሰብ አያስቸግርም።

ገንዘቡ ለማን እንደሚሰጥ የሚወሰነው እንዲህ ነው። ዕጩው ከአካባቢው ማኅበር የጥያቄ ዝርዝር ይላክለታል፤ ሞልቶ ከመለሰ በኋላ ለቃለ መጠይቅ ይጋበዛል፤ ፈቃደኛ የሆኑ አባላት የተቀመጡበት ኮሚቴ ያነጋግረውና አስተያየቱን ለፈንዱ ባለአደራዎች ያቀርባል፤ ባለአደራዎቹ ያጸድቃሉ። በእንዲህ ያሉ ቃለ መጠይቆች ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ። ጉቦ የሚመስል ነገር አላየሁም፤ ሕጉም ገንዘቡን ከተወሰነ ድምፅ ጋር ማያያዝን በጥብቅ ይከለክላል። ያየሁት ከዚያ የተለየ፣ ለእኔም ይበልጥ የሚያሳስበኝ ነገር ነው። የሚጠየቁት ጥያቄዎች በሙሉ በአንድ ወገን ያሉ ናቸው፤ ቤት ሲሸጥ በሚከፈለው ግብር ላይ አቋምህ ምንድን ነው፣ የኪራይ ጭማሪ ጣሪያን ትደግፋለህ ወይ፣ ብዙ ቤት እንዲሠራ የመሬት አጠቃቀም ደንቡ ይላላ ትላለህ ወይ፣ ከሽያጭ በፊት የሚጠየቅ አዲስ የምርመራ ግዴታ ብታይ ትቃወማለህ ወይ። እነዚህ ተገቢ የሙያ ጥያቄዎች ናቸው። ኮሚቴውም ሥራውን በቅንነት የሚሠራ ነው። ነገር ግን ዕጩው ከዚያ ክፍል ሲወጣ በዚህ ካውንቲ ውስጥ ቤት የሚያሻሽጡ ሰዎች የሚፈልጉትን በሙሉ እንደሰማ ያስባል፤ እነዚያው ሰዎች ግን ወላጆችም፣ ተከራዮችም፣ አዛውንት ጧሪዎችም ናቸው።

ይህንን በሁለት ጉዳዮች ላስረዳ፤ ሁለቱም በ2023 በዚሁ በሞንጎመሪ የሆኑ ናቸው።

የመጀመሪያው የውል ምዝገባ ግብር ነው። በሜሪላንድ ቤት ሲሸጥ ውሉ ሲመዘገብ የሚከፈል ግብር አለ፤ የካውንቲው ምክር ቤት በዚያ ዓመት ይህንን ግብር ጨመረው፤ ጭማሪው የቤቱ ዋጋ ከፍ ባለ ቁጥር ከፍ እያለ የሚሄድ ነው። ከምክንያቶቹ ዋናው ለትምህርት ቤት ግንባታ ገንዘብ ማግኘት ነበር። እንደ ኤጀንት ይህ ግብር ያሳስበኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት የሚገዙ ባልና ሚስት ለዓመታት ያጠራቀሙትን ቅድመ ክፍያ ይዘው ሲመጡ፣ ሽያጩ በሚጠናቀቅበት ቀን ከሚያስደነግጧቸው ወጪዎች አንዱ ይህ ነው፤ እኔም ከጎናቸው ተቀምጬ ሂሳቡን የማስረዳው ሰው ነኝ። እንደ ወላጅ ግን ልጆች በተሽከርካሪ ጎማ ላይ በቆሙ ጊዜያዊ ክፍሎች ውስጥ መማራቸውን አውቃለሁ፤ ቤት ገዢዎቼም ከመኝታ ክፍሉ ቁጥር ቀድመው የሚጠይቁኝ ትምህርት ቤቱ እንዴት እንደሆነ ነው። የግብሩ ጭማሪ ልክ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ላይ በቅን ልብ ልንለያይ እንችላለን። የማኅበሩ ጥያቄ ግን በግብሩ ብቻ ይቆማል፤ ከገንዘቡ ምን ሊሠራ ነው የሚለው በጥያቄ ዝርዝሩ ውስጥ ቦታ የለውም። ስለዚህ ዶላሬ ከሁለቱ ማንነቶቼ አንዱን ብቻ ይዞ ይሄዳል።

ሁለተኛው የኪራይ ሕጉ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። በሐምሌ 2023 የካውንቲው ምክር ቤት በ7 ለ4 ድምፅ የኪራይ ጭማሪን የሚገድብ ሕግ አወጣ። በሕጉ መሠረት ዓመታዊ ጭማሪው ከዋጋ ንረቱ በላይ 3 በመቶ ወይም በጠቅላላው 6 በመቶ፣ ከሁለቱ ዝቅ ያለው ነው። አዳዲስ ሕንፃዎች ለ23 ዓመታት ነፃ ይሆናሉ፤ በካውንቲው ውስጥ ከሁለት ያልበለጡ የሚከራዩ ቤቶች ያሉት ግለሰብም እንዲሁ። የሕንፃ ባለቤቶችና የቤት ሽያጭ ማኅበራት ሕጉን ተቃውመውታል፤ ዋና ክርክራቸው ገንቢዎች ከካውንቲው ይሸሻሉ፣ አዲስ ቤት አይሠራም፣ መጨረሻ ላይ የሚጎዳው ተከራዩ ራሱ ነው የሚል ነበር። ይህ ክርክር ባዶ አይደለም፤ ባለሙያ ሆኜ የቤት እጥረትን በየቀኑ አየዋለሁና በቁም ነገር እወስደዋለሁ። ደግሞም በጆርጂያ አቬኑና በኒው ሃምፕሻየር አቬኑ ዳርና ዳር ባሉት የቆዩ የአፓርታማ ሕንፃዎች ውስጥ ማን እንደሚኖር እናውቃለን። አዲስ የመጡ ዘመዶቻችን፣ የሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ ነርስ ረዳቶች፣ የፓርኪንግ ሠራተኞች፣ ጡረታ የወጡ እናቶችና አባቶች የሚኖሩት እዚያ ነው። የእኔ ገዢዎች አብዛኞቹም ከእነዚያው ሕንፃዎች ወጥተው ነው ቤት የሚገዙት፤ ኪራያቸው በአንድ ዓመት ዘሎ ካደገ የሚያጠራቅሙት ቅድመ ክፍያ አይኖርም። የማኅበሩን ጥቅም በጠባቡ ብንመለከተው እንኳ፣ የዛሬው ተከራይ የነገ ደንበኛችን መሆኑን የሚናገር ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ መኖር ነበረበት።

አባሉ ከኮሚቴው የተለየ አቋም ሊኖረው ይችላል ስል የሩቅ ታሪክም ያስገድደኛል። ብሔራዊው ማኅበር በ1924 ባወጣው የሥነ ምግባር ደንብ ውስጥ፣ መገኘታቸው የሰፈሩን የንብረት ዋጋ ይቀንሳል የሚባሉ የማንኛውም ዘር ወይም ዜግነት ሰዎች ወደ ሰፈር እንዲገቡ አባሉ ምክንያት እንዳይሆን የሚያዝ አንቀጽ ነበር። የዘር ቃሉ ከደንቡ የወጣው በ1950 ነው። ጥቁር የቤት ደላሎች ወደ ማኅበሩ መግባት ስላልተፈቀደላቸው በ1947 የራሳቸውን ብሔራዊ ማኅበር መሠረቱ። በ1963 የካሊፎርኒያ ሕግ አውጪዎች በቤት ሽያጭና ኪራይ ላይ ዘረኝነትን የሚከለክል ሕግ ሲያወጡ፣ የስቴቱ የሪል እስቴት ማኅበር ሕጉን ለመሻር ፕሮፖዚሽን 14 የተባለውን የሕዝበ ውሳኔ ሐሳብ አዘጋጅቶ ዘመቻውን መራ፤ በ1964 ከመራጮች ሁለት ሦስተኛ የሚጠጉት ደገፉት። ውሳኔውን የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1966፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ በ1967 ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ነው ብለው ሻሩት። ብሔራዊው ማኅበር በ1968 የወጣውንና በቤት ሽያጭና ኪራይ ላይ ዘረኝነትን በመላ አገሪቱ የከለከለውን የፍትሐዊ መኖሪያ ሕግም ተቃውሞ ነበር። በኅዳር 2020 የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ስለዚህ ሁሉ ይቅርታ ጠይቀዋል።

ይህንን የማነሣው ማኅበሩን ለመክሰስ አይደለም። ይቅርታው እውነተኛ ነው ብዬ እቀበላለሁ፤ ማኅበሩ ዛሬ በፍትሐዊ መኖሪያ ላይ የሚሰጠው ሥልጠናም የሚጠቅም ነው። ነገር ግን እኔ በሲልቨር ስፕሪንግ ቤት ገዝቼ መኖሬና ለሌሎች ቤት ማግኘቴ የሚቻለው፣ ያ የ1968 ሕግ የማኅበሩን ተቃውሞ አልፎ በመውጣቱ ነው። በ1964 በካሊፎርኒያ መዋጮ የከፈለ አንድ ተራ አባል የነበረውን አስባለሁ። ምናልባት በግሉ ደግ ሰው ነበር፤ ጥቁር ደንበኛ ቢመጣለት በአክብሮት ያስተናግድ ነበር። ማኅበሩ ግን በእርሱም ስም ዘምቷል። የማኅበር ገንዘብ የአባሉን የግል ደግነት ይዞ አይሄድም፤ በክፍሉ ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች የወሰኑትን ይዞ ይሄዳል። በዚያ ክፍል ውስጥ የተቀመጠው ማን እንደሆነ ለእኛ የሕይወት ጥያቄ ነው የምለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ታዲያ እኛ በዚያ ክፍል ውስጥ ብዙም የለንም። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ ፈቃድ ያላቸው ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ኤጀንቶች ብዙ ናቸው፤ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ማስታወቂያ ሰሌዳዎች፣ በሬዲዮ ፕሮግራሞችና በምግብ ቤት መግቢያዎች ላይ ፎቶግራፋችን የማይታይበት ቦታ የለም። የፖለቲካ ፈንዱ ኮሚቴ ለፈቃደኞች ጥሪ ሲያደርግ ግን የሚመዘገበው ከመካከላችን እጅግ ጥቂት ነው። ይህ የግድየለሽነት ጉዳይ አይመስለኝም። ብዙዎቻችን የመጣነው የፖለቲካ ስብሰባ ላይ ስምን ማስመዝገብ በኋላ ዋጋ ከሚያስከፍልበት አገር ነው፤ ለሥራ ማኅበር የተጠየቀውን ከፍሎ ዝም ማለት ሰላም ይመስላል። በዕድራችን ግን እንዲህ አይደለንም። ለድንኳን የወጣው ገንዘብ ደረሰኙ የት ነው ብለን ዳኛውንና ጸሐፊውን በጉባኤ ፊት እንጠይቃለን፤ መዝገቡ እስኪነበብ አንነሣም። ያው ሰው ነው የፖለቲካ ፈንዱን መስመር ሳያነብ የሚከፍለው።

መዝገቡ ደግሞ አለ። በሜሪላንድ የስቴቱ የምርጫ ቦርድ የእያንዳንዱን ዕጩና የእያንዳንዱን ፈንድ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት አድርጎ ያስቀምጣል፤ ማንም ሰው የማኅበሩን ፈንድ ስም ጽፎ ለማን፣ መቼ፣ ምን ያህል እንደተሰጠ ማየት ይችላል። በቨርጂኒያ የምርጫ መሥሪያ ቤቱ ሪፖርቶቹን ያወጣል፤ ወገንተኛ ያልሆነ አንድ ድርጅት ደግሞ ከ1997 ጀምሮ በቀላሉ እንዲነበቡ አድርጎ ሲያቀርባቸው ቆይቷል። በሁለቱ ስቴቶች መካከል ያለው ልዩነት ግን ከመዝገብ አያያዝ ይልቃል። በሜሪላንድ አንድ ሰጪ ለአንድ ዕጩ በአራት ዓመቱ የምርጫ ዘመን ከ6,000 ዶላር በላይ መስጠት አይችልም። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግረን በቨርጂኒያ ያሉት አሌክሳንድሪያ ወይም ፌርፋክስ ስንደርስ ጣሪያ የሚባል ነገር የለም፤ ኩባንያም ሆነ ማኅበር ወይም ግለሰብ ለስቴትና ለአካባቢ ዕጩ ያሻውን ያህል ይሰጣል፤ ግዴታው ማሳወቅ ብቻ ነው። እንደ እኔ ሁለቱንም ፈቃድ ይዞ የሚሠራ ሰው በአንድ ወንዝ ግራና ቀኝ ሁለት የተለያዩ የፖለቲካ ዓለሞችን በገንዘቡ ይደግፋል።

ማን መስጠት እንደሚችልም በግልጽ መነገር አለበት፤ ምክንያቱም በመካከላችን ሁለት ዓይነት የተሳሳተ ግምት ይሰማል። አንዳንዱ ዜጋ ያልሆነ ሰው ለምርጫ ገንዘብ መስጠት በፍጹም አይችልም ይላል፤ ይህ ልክ አይደለም። በሕጋዊ መንገድ ግሪን ካርድ ያገኘ ቋሚ ነዋሪ ድምፅ መስጠት ባይችልም ለዕጩም ሆነ ለፈንድ መስጠት ይችላል። ሌላው ደግሞ የሥራ ፈቃድና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር እስካለኝ ድረስ እችላለሁ ብሎ ያስባል፤ ይህም ልክ አይደለም፤ የበለጠ አደገኛም ነው። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ያለ ሰው፣ በጊዜያዊ ጥበቃ ወይም በተማሪ ቪዛ የሚኖር ሰው በፌደራል ሕግ የውጭ ዜጋ ተብሎ ይቆጠራል፤ በፌደራል፣ በስቴትና በአካባቢ ምርጫ ሁሉ መዋጮ መስጠት ተከልክሏል። የቤት ሽያጭ ፈቃድ ለማግኘት ግሪን ካርድ የግድ ስላልሆነ፣ በእንዲህ ያለ ሁኔታ ላይ ያሉ ወጣት ባልደረቦች አሉን። አስቀድሞ የተደመረው መስመር ለእነርሱም እኩል ይመጣል። የኢሚግሬሽን ፋይሉ ክፍት የሆነ ሰው ስለ 25 ዶላር ብሎ የፌደራል ሕግ እንዳይጥስ፣ መጠየቂያው ሲደርሰው ያንን መስመር ማስወጣት አለበት። ማኅበራቱም በደቃቁ ማሳሰቢያ ውስጥ ይህንን በጉልህ ሊያስገቡት ይገባል።

በዚሁ ካውንቲ ውስጥ ያለችው ታኮማ ፓርክ በዚህ ረገድ እንግዳ ሁኔታ ትፈጥራለች። ከተማዋ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎቿ በከተማው ምርጫ ድምፅ እንዲሰጡ ፈቅዳለች። ስለዚህ በዚያ የሚኖር አንድ የጥገኝነት ጠያቂ ከንቲባውን በድምፁ መምረጥ ይችላል፤ ለዚያው ከንቲባ ግን አሥር ዶላር ቢሰጥ ሕግ ይጥሳል። ከተማዋ የኪራይ ጭማሪን መቆጣጠር የጀመረችው ደግሞ ካውንቲው ከማሰቡ አርባ ዓመታት ገደማ ቀድማ ነው። ብዙ ወገኖቻችን በዚያች ከተማ የሚኖሩ በመሆናቸው ድምፃቸው ከገንዘብ የበለጠ የሚመዝንበት ቦታ ካለ እርሷ ናት እላለሁ።

ከገንዘቡ መንገዶች ሁሉ ይበልጥ የማምንበትን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። የሞንጎመሪ ካውንቲ ምክር ቤት በ2014 የሕዝብ የምርጫ ፈንድ አቋቋመ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ የዋለውም በ2018 ነበር። በዚህ ፈንድ ለመጠቀም የወሰነ ዕጩ ከኩባንያዎች፣ ከማኅበራትና ከፖለቲካ ፈንዶች ምንም አይቀበልም፤ ከግለሰቦች ብቻ ነው የሚወስደው፤ በመጀመሪያው ምርጫ ትልቁ መዋጮ 150 ዶላር ነበር። የካውንቲው ነዋሪ ለምክር ቤት ዕጩ 50 ዶላር ሲሰጥ ካውንቲው 200 ይጨምርለታል፤ ለካውንቲ አስተዳዳሪ ዕጩ ከሆነ ደግሞ 300። ከዚያ በላይ ባለው ዶላር ላይ ጭማሪው እየቀነሰ ይሄዳል። ኤልሪች በ77 ድምፅ ያሸነፉት በዚህ ገንዘብ ተወዳድረው ነው፤ ተቃዋሚያቸው ብሌር ደግሞ በአብዛኛው የራሳቸውን ሀብት ያወጡ ነጋዴ ነበሩ። በዲሲም በ2018 የወጣው ሕግ ከ2020 ምርጫ ጀምሮ ተመሳሳይ መንገድ ከፍቷል፤ በዚያ አነስተኛ መዋጮ አምስት እጥፍ ይጨመርበታል። አሠራሩ ጉድለት የለውም አልልም። ማኅበራትና ባለ ሀብቶች ለዕጩው በቀጥታ መስጠት ባይችሉ እንኳ ከዕጩው ሳይመካከሩ በራሳቸው ያለ ገደብ ቅስቀሳ ማካሄድ ይችላሉ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 ይህን በር በሰፊው ከፍቶታል። ቢሆንም ሂሳቡን አስቡት። 35 ዶላሬ በማኅበሩ ፈንድ ውስጥ ሲገባ ከብዙ ሺህ ሰዎች ገንዘብ ጋር ተቀላቅሎ በአንድ ጥያቄ ይመራል። ያው 35 ዶላር በእኔ ስም ለመረጥሁት የምክር ቤት ዕጩ ሲሰጥ 175 ዶላር ሆኖ ይደርሳል፤ ዕጩው ስለ ትምህርት ቤቱም፣ ስለ ኪራዩም፣ ስለ አውቶቡሱም ሊያነጋግረኝ ቤቴ ይመጣል። ትንሽ ገንዘብ ሰብሳቢ ዕጩ ከሳሎን ወደ ሳሎን መዞር ግድ ስለሚሆንበት፣ ከምርጫው በፊት የኢትዮጵያውያንን ቤት የሚያንኳኩት አብዛኞቹ እነዚህ ናቸው።

ይህ ማለት የማኅበሩ ፈንድ ይዘጋ ማለት አይደለም። ሕንፃ ገንቢው፣ ባንኩና የመገልገያ ኩባንያው በየምርጫው ሲሰጡ ቤት ሻጩ ብቻውን እጁን ይሰብስብ ብሎ መጠየቅ ፍትሕ አይመስለኝም፤ በቨርጂኒያ በኩል ጣሪያ በሌለው ሜዳ ላይ ይህ የበለጠ እውነት ነው። ከፈንዱ የተገኘ በጎ ነገርም አውቃለሁ፤ ብዙ ቤት እንዲሠራ የመሬት አጠቃቀም ደንቡን ለማላላት የሚደረገው ክርክር ውስጥ ማኅበሩ ገንዘቡንና ሰዎቹን ባያሰልፍ፣ አንድ ቤተሰብ ብቻ የሚኖርበት ሰፈር እንዳይነካ የሚታገሉት ድምፆች ብቻቸውን ይሰሙ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ለሚገዙ ሰዎች የሚሰጠው የቅድመ ክፍያ ድጋፍ እንዲቀጥል የሚሟገቱ ሰዎችም ከማኅበሩ መካከል አሉ። ስለዚህ በአንዳንድ ዓመት እከፍላለሁ፤ በአንዳንዱ መስመሯን አስወጥቼ ገንዘቡን በቀጥታ ለዕጩ እሰጣለሁ። የሚወስነው ያለፈው ዓመት ሪፖርት ላይ ያነበብሁት የዕጩዎች ዝርዝር ነው።

ዘንድሮ ከዚያ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄጄ ለአካባቢያችን ማኅበር በጽሑፍ ጥያቄ አቅርቤአለሁ። ቼኩ ከመጻፉ በፊት ለዕጩዎች የተላከው የጥያቄ ዝርዝር ለአባላት በሙሉ እንዲላክ፣ ኮሚቴው የደገፋቸው ዕጩዎች ስም ከነምክንያቱ እንዲገለጽ፣ በዝርዝሩም ውስጥ ስለ ተከራዮችና ስለ ትምህርት ቤት ግንባታ ቢያንስ አንድ አንድ ጥያቄ እንዲጨመር ነው የጠየቅሁት። መጠየቂያው ላይ ያለው መስመር አስቀድሞ ከመደመር ይልቅ አባሉ ራሱ ምልክት አድርጎ እንዲመርጠው፣ ከጎኑም ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው ብቻ መክፈል እንደሚችል በግልጽ እንዲጻፍ ጨምሬ አመልክቻለሁ። ኮሚቴው ደብዳቤውን በሚቀጥለው ስብሰባው እንደሚያየው በአክብሮት መልሶልኛል። ስብሰባው ለአባላት ሁሉ ክፍት ነው፤ ለፈቃደኞች የሚያዘው ምዝገባም ገና አልተዘጋም። በሜሪላንድ በኩል የምትሠሩ እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ የምትችሉ ተመዝገቡ፤ መምጣት የማትችሉም ደብዳቤው ላይ ስማችሁን ማስፈር ትችላላችሁና ጻፉልኝ።